የቢላል ደስታ ምንጩ ምን ነበር?



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ደስታ ለመጻፍ ነው። ይህን ስል ግን ደስታ የተረፈኝ ሰው ሆኜ አይደለም። እንዲያውም ነገሩን የተማርኩት ደስታ ከቤቴ ጨርሶ በጠፋበት ሌሊት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ያችን ሌሊት ላውጋችሁ፤ ከዚያ ወደ ዋናው ባለታሪክ፣ ወደ ሰይዲና ቢላል (ረ.ዐ.) እንሻገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ ውስጥ በሰው ገንዘብ ነበር የምነግደው። ከአንድ ነጋዴ ጨርቅ በዱቤ እወስድና ወደ ክፍለ ሀገር ልኬ፣ ሲሸጥ እመልሳለሁ። በአንድ ክረምት ጨርቁን የጫነው መኪና ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ መታው። የሰው ሕይወት ተረፈ፤ ዕቃው ግን ጭቃ ሆኖ ቀረ። አበዳሪዬ አንድ ወር ታገሰኝ፤ ሁለተኛውን ወርም ታገሰኝ። በሦስተኛው ወር ሱቄ በር ላይ መጥቶ ሰው በተሰበሰበበት ቀን ቆረጠልኝ። የወግዲ ገበሬ ንግድ ምን ያውቃል፣ ወደ በሬህ ተመለስ ብሎ ሰደበኝ። ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ።

የቆረጠልኝ ቀን ሲደርስ ልብሴን በአንዲት ፌስታል ቋጠርኩ። ሚስቴና ሁለት ልጆቼ ተኝተዋል። ጎህ ሳይቀድ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ወደማላውቀው አገር ልጠፋ ቆርጬ ነበር። ጫማዬን አድርጌ መዝጊያውን ስከፍት የአንዋር መስጊድ የሱብሒ አዛን ተሰማ። ከዚያ በፊት በሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እግሬን ያዘኝ። ምክንያቱም አያቴ በልጅነቴ የነገሩኝ የቢላል ታሪክ ድንገት ትዝ አለኝ፤ እንደኔው በዕዳ ምክንያት ጫማውን ራስጌው አድርጎ ያደረባት ሌሊት ታሪክ!

አያቴ ወግዲ ውስጥ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ አገሩ ወደ አባይ በረሃ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት በኩል የምትገኝ የአንዲት ትንሽ መንደር ሙአዚን ነበሩ። ገበሬ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ጥቂት ዓመታት ደረሳ ሆነው ከመቅራታቸው በቀር ዓሊም የሚባሉ አልነበሩም። ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ የሣር ክዳን ካለው መስጊድ አጠገብ አንድ ቋጥኝ አለ፣ እሱ ላይ ቆመው አዛን ይላሉ። ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ወዲያኛው ተረተር ይደርሳል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንኳ በእርሳቸው አዛን ነቅተው በሬያቸውን ይጠምዱ ነበር። ሁለት ልጆች ቀብረዋል፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከብቶቻቸውን ጨርሰዋል። ፊታቸው ግን ፈክቶ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። እኔም ልጅ ሆኜ፣ ይህን ሁሉ አይተው እንዴት ደስ ይልዎታል ብዬ ብጠይቃቸው፣ ስለራሳቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ስለ ቢላል ያወሩኝ ጀመር። ከመግሪብ እስከ ዒሻ እየቆራረሱ ብዙ ሌሊት ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ በኪታብ ያነበብኩትም ያንኑ ነው።

ውድ አንባቢያን! ቢላል ኢብኑ ረባሕ የኛው ሰው ነው። አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ትባላለች፤ ዘሩ ከሐበሻ ነው። መካ ውስጥ ሲያድግ የራሱ የሚባል ምንም ነገር አልነበረውም። ጉልበቱ የጌቶቹ ነው፤ ቀኑና ሌሊቱ የጌቶቹ ነው። ከለላ የሚሆነው ጎሳ፣ ደሙን የሚመልስለት ወገን የለውም። በዚያ ዘመን በዐረቦች ምድር ጎሳ የሌለው ሰው ማለት አጥር የሌለው ቤት ማለት ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ አምላክ ሲጣሩ ቢላል ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች አንዱ ሆነ። እስልምናቸውን በአደባባይ ይፋ ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሰዎች መካከል ስሙ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አጎታቸው አቡ ጧሊብ ይከላከሉላቸዋል። አቡበክርንም (ረ.ዐ.) ጎሳው ይከላከልለታል። ለቢላል ማን አለው? ማንም! ቁረይሾችም ይህን ያውቃሉና ቁጣቸውን ያወረዱት ከለላ በሌላቸው በቢላል፣ በሱመያ፣ በዐማርና በመሳሰሉት ላይ ነበር።

ከበኒ ጁመሕ ጎሳ የሆነው ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ቢላልን በቀትር ፀሐይ ወደ መካ ዳርቻ አስወጥቶ በጋለ አሸዋ ላይ በጀርባው ያስተኛው ነበር። ከዚያ ትልቅ ድንጋይ ደረቱ ላይ ያስጭናል። ላትንና ዑዛን እስኪያመልክ ወይም እስኪሞት እንደዚያው ሊያቆየው ይዝታል። የቢላል መልስ ግን የአላህን አንድነት የምትመሰክር አንዲት አጭር ቃል ብቻ ነበረች። እሷኑ ይደጋግማል። ሲደክማቸው አንገቱን በገመድ አስረው ለልጆች ይሰጡታል፤ ልጆቹም በመካ ቀጫጭን መንገዶች ይጎትቱታል። ከተሰቃዩት መካከል ነፍሳቸውን ለማዳን በአንደበታቸው ብቻ የተጠየቁትን የተናገሩ ነበሩ፤ አላህም ልባቸው በኢማን የረጋ ነውና በዚህ አልያዛቸውም። ቢላል ግን ይህንንም አልወሰደም።

አያቴ እዚህ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። ቢላል ድንጋዩ ቀሎት አይደለም፤ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ነገር ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሆነ፣ ማንም ገዝቶ ሊሸጠው የማይችል ነገር አግኝቷል። ኡመያ ገላውን እንጂ ያችን ቃል መግዛት አልቻለም። ጌታውና ባሪያው ቦታ ተለዋወጡ፤ የተኛው ነፃ ወጣ፣ የቆመው በቁጣው ታሰረ ይሉኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ አቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ.) ቢላልን ገዝቶ ለአላህ ብሎ ነፃ አወጣው። ኡመያ በአንድ ወቄት ብቻ ቢጠየቅ እንኳ ይሸጠው እንደነበር ሲናገር፣ አቡበክር ደግሞ መቶ ወቄት ቢጠየቅም ይከፍል እንደነበር መለሰለት ብለው ይተርካሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ኋላ አቡበክርን ባወሱ ቁጥር ጌታችን እንደሆነና ሌላውን ጌታችንን ነፃ እንዳወጣ ይናገር ነበር። ትናንት በገመድ የተጎተተውን ሰው የቁረይሽ ትልቅ ሰው ጌታዬ አለው። እስልምና ያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ622 ሙስሊሞች ወደ መዲና ተሰደዱ። የመዲና አየር ግን ለብዙዎቹ አልተስማማም። አቡበክርና ቢላል በኃይለኛ ትኩሳት ተይዘው ወደቁ። ትኩሳቱ ጋብ ባለለት ቁጥር ቢላል ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆ፣ በዙሪያዋ የሚበቅለውን መዓዛማ ሣር፣ ምንጮቿንና ተራሮቿን በስንኝ እየናፈቀ ያነሳ ነበር። አስቡት! በአሸዋዋ ላይ የተቃጠለባትን፣ በመንገዶቿ የተጎተተባትን ከተማ ነው የሚናፍቀው። ኢማን ሰውን ድንጋይ አያደርገውም ማለት ነው። ሙእሚን ይታመማል፣ ይናፍቃል፣ አገሩንም ይወዳል። እኔም አዲስ አበባ ሆኜ የወግዲ የመኸር ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲመጣ የኢማን ጉድለት ነው ብዬ እሳቀቅ ነበር፤ ከቢላል ግን ናፍቆት ነውር እንዳልሆነ ተማርኩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመማቸውን ሰምተው አልገሰጿቸውም፤ መዲናን እንደ መካ፣ ከዚያም አብልጦ እንዲያስወድዳቸው አላህን ለመኑላቸው።

በመዲና በመጀመሪያው ዓመት አዛን ተደነገገ። የአዛኑን ቃላት በሕልሙ የሰማው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ሲሆን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ድምፁ የተሻለ ነውና ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት። በመስጊዱ አካባቢ ካሉት ቤቶች ረጅሙ የአንዲት የበኒ ነጃር ሴት ቤት ነበር። ቢላል ሌሊት መጥቶ በጣራዋ ላይ ተቀምጦ ጎህ ሲቀድ ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድ ይንጠራራና አዛን ከማለቱ በፊት ዱዓ ያደርጋል። ዱዓው ምን ነበር? ቁረይሾች የአላህን ዲን እንዲያቆሙ አላህን መለመን! አንድም ሌሊት ይህን ዱዓ ትቶ እንደማያውቅ የቤቱ ባለቤት መስክራለች። ደረቱ ላይ ድንጋይ የጫኑት ሰዎች ወገን እንዲመራ ነው የሚለምነው። ቂም ያለበት ልብ ደስታ አይቀመጥበትም፤ ቢላል ልቡን በየሌሊቱ ይጠርግ ነበር።

ይህን ስል ቢላል የማይቆጣ መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ624 በበድር ዘመቻ ኡመያን ሲያየው ጮኾ ሰው የጠራው እሱ ነው፤ ኡመያም በዚያው ዕለት ተገደለ። የማይደክም ሰውም አልነበረም። ከኸይበር ዘመቻ ሲመለሱ ሌሊቱን እንዲጠብቅና ለሱብሒ እንዲያነቃቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደራ ሰጡት። ግመሉን ተደግፎ ወደ ንጋት አቅጣጫ ዞሮ ተቀመጠና እንቅልፍ ጣለው፤ የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ትኩሳት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላዋረዱትም። ትንሽ ፈቅ ብለው ዉዱእ አደረጉ፣ ያንኑ ቢላልን ለሶላት እንዲጣራ አዘዙት፣ ሰገዱም። ስለዚህ አንድ ቀን የወደቀ ሁሉ ጨርሶ የወደቀ አይደለም።

አሁን ወደዚያች የዕዳ ሌሊት ልመለስ። ታሪኩ በሱነን አቡ ዳውድ ተዘግቧል። ቢላል የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወጪ ኃላፊ ነበር። የታረዘና የተራበ ሰው ሲመጣ ገንዘብ ከሌለ ቢላል ይበደራል፤ አልብሶና አብልቶ ይልከዋል። አንድ ሙሽሪክ ነጋዴ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእሱ ብቻ እንዲበደር ጠየቀው፤ ቢላልም እንደዚያው አደረገ። አንድ ቀን ዉዱእ አድርጎ አዛን ሊል ሲነሳ ያ ሰው ከነጋዴዎች ጋር ሆኖ መጣ። ፊቱን አጥቁሮ፣ ሐበሻው ብሎ በንቀት ጠራው። የቀጠሮው ቀን አራት ሌሊት ብቻ እንደቀረው ነገረው። ካልከፈለ ራሱን በዕዳው ይዞ እንደ ቀድሞው በግ ጠባቂ እንደሚያደርገው ዛተበት።

ቢላል ያን ቀን የተሰማውን አስቡት። ከጋለ አሸዋ፣ ከገመድ፣ ከባርነት ወጥቶ በአላህ ቤት ጣራ ላይ የቆመ ሰው እንደገና ወደ ባርነት! ከዒሻ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ገባና በእርሳቸውም በእሱም እጅ ምንም እንደሌለ አስረድቶ፣ አላህ መክፈያውን እስኪሰጥ ድረስ እስልምናን ወደተቀበሉት ጎሳዎች ልሽሽ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሰይፉን፣ ስልቻውን፣ ጋሻውንና ጫማውን ራስጌው አስቀምጦ አደረ። የመጀመሪያው ጎህ ሲቀድ ሊወጣ ሲነሳ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደሚፈልጉት ነገረው። ሲደርስ አራት ግመሎች ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ተንበርክከዋል። የፈደክ ገዢ በስጦታ የላከው ልብስና እህል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አበሰሩት፤ ዕዳውንም እንዲከፍልበት ሰጡት።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ዕዳው ተከፍሎ ትርፍ ነገር ቀረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የቀረው ለችግረኛ እስኪሰጥ ድረስ ወደ ቤታቸው እንደማይገቡ ነገሩት። ተቀባይ ሳይገኝ መሸ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ አደሩ። በማግስቱ ሁሉም ተከፋፍሎ ማለቁን ቢላል ሲነግራቸው አላህን አመስግነው ወደ ቤታቸው ገቡ። ለእኛ ደስታ ማለት የሞላ ቤት ነው። ለእርሳቸው ግን ደስታ የሆነው ባዶ የሆነው ቤት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ630 በረመዷን ወር መካ ያለ ብዙ ደም ተከፈተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢላልን ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲል አዘዙት። በጎዳናዎቿ በገመድ የተጎተተው የሐማማ ልጅ በከተማይቱ እጅግ በተከበረው ጣራ ላይ ቆመ። ከቁረይሽ መኳንንት መካከል አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ ጠቀመው ያለ ነበር። ቢላል ግን ከዚያ ከፍታ ላይ የተናገረው ያችኑ በድንጋይ ሥር ሆኖ የተናገራትን እውነት ነው። ሥር ሳለ አልቀነሰባትም፤ ላይ ሲወጣም አልጨመረባትም።

የቢላል ደስታ በሶላት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጀነት የእርምጃውን ኮቴ ሰምተው ምን እንደሚሠራ ቢጠይቁት፣ ዉዱእ ባደረገ ቁጥር የተቻለውን ያህል ከመስገድ ሌላ ብዙ ተስፋ የሚጥልበት ሥራ እንደሌለው ነገራቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላትን እንዲያቆም ቢላልን ሲያዙት በሶላት እንዲያሳርፋቸው ይጠይቁት ነበር። ልብ በሉ፤ ከሶላት አይደለም፣ በሶላት ነው ዕረፍቱ። እኛ ስንቶቻችን ነን ከሶላት ለማረፍ የምንቸኩል?

እ.ኤ.አ. በ632 ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አኺራ ሄዱ። ቢላል መዲና ውስጥ መቆየት አቃተው። አቡበክር (ረ.ዐ.) አብሮት እንዲሆን ቢፈልግም ቢላል፣ የገዛኸኝ ለራስህ ከሆነ ያዘኝ፣ ለአላህ ከሆነ ግን ለአላህ እንድሠራ ተወኝ የሚል ጥያቄ አቀረበለት። ኋላም ወደ ሻም ሄደ። በዑመር (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን፣ ኸሊፋው ወደ ሻም በመጡ ጊዜ አዛን እንዲል ተለመነና አለ። ያን ቀን ሶሐቦች እንደዚያ ሲያለቅሱ ታይተው አይታወቁም ይባላል።

በሂጅራ አቆጣጠር በ20ኛው ዓመት አካባቢ ቢላል በሻም ምድር አልጋ ላይ ዋለ። የሞቱ ሰዓት ሲቃረብ ሚስቱ ሐዘኗን በለቅሶ ስትገልጽ፣ እሱ ሐዘን የሚለውን ቃል አልቀበልም አለ። ነገ ነቢዩንና ባልደረቦቻቸውን የሚያገኝበት ቀን ነውና ደስታ እንድትለው ነገራት ብለው ይተርካሉ። ሕይወቱ የጀመረው ከሰው ሁሉ በታች ነበር፤ የጨረሰው ሞትን እንኳ በደስታ ስም ጠርቶ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ታሪክ ለኛ ለወሎዎች ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር በታዘዘ ጊዜ፣ እንደ ሼህ ጦልሐ ኢብኑ ጃዕፈር በግልጽ የተቃወሙ ነበሩ፤ አገር ለቀው የተሰደዱ ነበሩ፤ እምነታቸውን በልባቸው ይዘው ሌሊት የሚሰግዱም ነበሩ። ዛሬ ከክርስቲያን ወገናችን ጋር በፍቅር በምንኖርበት አገር ይህን የማነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ቢላል በጣራው ላይ ያደርግ የነበረውን ዱዓ አንርሳ። የማነሳው የአያቴ አዛን በዚያ ሸለቆ ሊሰማ የቻለው እነዚያ ሰዎች ስለጸኑ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የኔስ ነገር ምን ሆነ? ያን ሌሊት በር ላይ ቆሜ ቢላልም እንደኔ ሊሸሽ ተነስቶ እንደነበር ሳስብ አንድ ልዩነት ታየኝ። ቢላል ለመሸሽ ከማሰቡ በፊት ሄዶ ተናግሯል፤ ፈቃድም ጠይቋል። እኔ ግን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ፌስታሌን አስቀምጬ ወደ መስጊድ ሄድኩ። ከሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ ለምኜ ወደ አበዳሪዬ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። አራት ግመል አልመጣልኝም። አበዳሪዬም ዕዳውን አልማረኝም። በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንድከፍል ግን ተስማማ። ሱቁን ዘግቼ የሰው ሱቅ ተቀጠርኩ፤ ሚስቴ እንጀራ እየጋገረች ሸጠች፤ ከፍሎ ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀ።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከአበዳሪዬ ቤት ስወጣ ዕዳዬ ካደረበት አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም ነበር። ደረቴ ላይ ያለው ድንጋይ ግን አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳትና ቡና አፍልታልኝ ጠጣን፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቅን። አያቴ ፊታቸው የሚፈካው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ በኢማን የሚገኝ ደስታ ችግር የሌለበት ሕይወት አይደለም። ድንጋዩ ደረታችን ላይ ሳለ፣ ነጋዴው በር ላይ ቆሞ እየሰደበን ሳለ፣ ጌታችን ማን እንደሆነ አለመርሳት ነው። ዛሬ ሥራ ያጣችሁ፣ በዕዳ የተያዛችሁ፣ ልጅ የቀበራችሁ፣ ፌስታል ቋጥራችሁ በር ላይ የቆማችሁ ወንድሞችና እህቶች ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አዛኑን አዳምጡ። ያ ጥሪ ከሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ከአንድ ሐበሻ አንደበት የተጀመረ ጥሪ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን በኢማን ያርጋልን። የተቸገረውን ከችግሩ ያውጣልን፣ ያለው ደግሞ የወንድሙን ገመና እንዲሸፍን ያግራልን። አያቶቻችንንም በጀነት ከቢላል ጋር ያገናኝልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።